አንገት ያልወጣለት ጋን

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዳላምንም በቂ ምክንያት አለኝ። ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው፣ አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ እናቴም ከእሷ ተምራ ሠርታለች፣ ባደግኩበት አካባቢ ደግሞ ሸክላ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፣ ቡዳ ነው የሚባለው። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ሆዱን ባመመው ቁጥር ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ምሳዋን የምትበላው ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። እንዲህ እየተባለ ያደገ ሰው ወይ ነገሩን አምኖ ራሱን ይጠላል፣ ወይ ጨርሶ አያምንም፣ እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ጭቃ ጭቃ ነው፣ እሳት እሳት ነው፣ የቀረው ወሬ ነው ብዬ ኖርኩ።

ስለዚህ ይህንን ነገር ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም። ስለፈራሁ ብቻ አይደለም፣ «አላልንም? ድሮም እነዚህ ሰዎች» የሚሉትን ደስ ላለማሰኘት ነው። አሁን የማወራችሁ በዚህ ሳምንት የሆነ ነገር ስላለ ነው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ። ደግሞ ሌሊት ነው፣ ጨለማ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሆነው፣ በደህና ብርሃን፣ ሦስት ሰው ቆሞ።

አርባ ምንጭ የመጣሁት ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ነው፣ አዲስ አበባ ተምሬ ጨርሼ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ማሠልጠኛ የሸክላ ሥራ አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ክፍሉ ከውጭ የመጣ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረው፣ ችግሩ መብራት ሲኖር ኃይሉ አይበቃውም፣ ኃይሉ ሲበቃው መብራት ይጠፋል፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የምንተኩሰው ግቢው ጥግ ላይ በኩበትና በቀርከሃ ነበር። ውሃውም ያው ነው፣ ከተማው በአርባ ምንጭ ስም እየተጠራ ቧንቧችን ሳምንት ሙሉ ደርቆ ይከርማል፣ በርሜል ሞልተን እናስቀምጣለን፣ ዘበኛችን ጋሽ ቶማስ ከግቢው ይልቅ በርሜሉን ነበር የሚጠብቀው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለት ሲኒ አመጣለሁ፣ አንዱ የደረቀ ግን ያልተተኮሰ፣ አንዱ የተተኮሰ፣ ሁለቱንም ባልዲ ውሃ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልተተኮሰው ፈርሶ ጭቃ ሆኖ ባልዲው ሥር ይተኛል፣ የተተኮሰው እንዳለ ይወጣል። «አያችሁ» እላለሁ፣ «እሳት እስኪነካው ድረስ ሁሉም ስሕተት ይታረማል፣ ከእሳት በኋላ ግን ወደ ጭቃ መመለስ የለም፣ ብትሰብሩትም ስባሪ ነው እንጂ ጭቃ አይሆንም።» ምንም ምሥጢር የለውም፣ የአፈር ጠባይ ነው፣ ግን ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አስቴር በሁለተኛው ዓመት የመጣች ሠልጣኝ ነበረች። ከደጋው ናት፣ ከኦቾሎ ማዶ ጉም ከማይለያት አንዲት መንደር፣ ወገኖቿ ማና ይባላሉ፣ በጋሞ ሸክላ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፣ ከገበሬው ጋር አይጋቡም፣ ድሮ አብረውም አይበሉም ነበር። «ድሮ» የምለው ለጨዋነት ነው፣ በእኔው ክፍል ውስጥ እሷ የጠጣችበትን ኩባያ ሁለቴ የሚያጥቡ ልጆች ነበሩ፣ አንድ ቀን በዓይኔ አይቼ ኩባያውን ሳይታጠብ ነጥቄ ጠጣሁበት፣ ልጆቹንም ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። በሷ ውስጥ ራሴን ነበር የማየው፣ አልደብቃችሁም። ስለዚህ አንድ ነገር ቆርጬ ተነሳሁ፣ አስቴር እዚህ ክፍል ረዳት አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች፣ እነዚያ ኩባያ አጣቢዎች ተነስተው «ቲቸር» ይሏታል።

ኃላፊዎቹ ጨርሰው እምቢ አላሉም። ግንቦት ላይ ከዞን እንግዶች የሚመጡበት ኤግዚቢሽን አለ፣ አንድ ትልቅ ነገር አሳዩንና ቅጥሩን ያኔ እንጨርሳለን አሉኝ። ትልቅ ነገር ማለት ጋን ነው፣ እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲኒና የአበባ ማስቀመጫ እንጂ ጋን አልችልም፣ አስቴርም ገና ነበረች፣ ስለዚህ አማቷን እማማ ደስቴን ከደጋ አስመጣን።

እማማ ደስቴ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ ሴት ነበሩ። የግራ እጃቸው ጠቋሚ ጣት ከመጀመሪያው አንጓ በላይ የለም፣ በልጅነታቸው እሳት ነው የበላው። ሸክላ ሠሪ ውጩን ያለሰልሳል እንጂ የዕቃውን ውስጥ ማን ያየዋል ብሎ የጣቱን ዱካ እንዳለ ይተወዋል፣ ለእኛ ያ እንደ ፊርማ ነው፣ የሳቸው ፊርማ ሦስት ረጃጅም ዱካ፣ አንድ የአውራ ጣት፣ አንድ ደግሞ ድፍን ያለ አጭር ነበር። ዕቃ ከእሳት ሲወጣ በእጃቸው አንጓ ሦስት ጊዜ ያንኳኩታል፣ ጆሮአቸውን ያስጠጋሉ፣ ትንሽ ይቆዩና «እሺ» ይላሉ፣ ለኛ ሳይሆን ለዕቃው ነው የሚሉት። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ እኔን ሴቷን «አንተ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋኑን ሥሩንና ሆዱን በሦስት ቀን አወጡት፣ ክፍሉ ውስጥ ያየሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው። አንገቱ ሲቀር ዓርብ ማታ ደከመኝ አሉ፣ ቤቴ ደርሼ ልምጣ። ርጥብ የኮባ ቅጠል አልብሰውት ከማድረቂያው ክፍል እየወጡ ዞር አሉና «ቲቸር፣ እሱን አንተ እንዳትነካ፣ አንገቱን እኔ መጥቼ ነው የማወጣው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ማክሰኞ ዕለት አረፉ፣ አስቴር እያለቀሰች ወደ ለቅሶው ወጣች፣ እኔም ደርሼ ተመለስኩ።

ከለቅሶው እንደተመለስኩ ጋሽ ቶማስ ተኮሳትሮ ጠበቀኝ። «ቲቸር፣ ከበርሜሉ በየቀኑ አንድ ጆግ ውሃ እየጎደለ ነው፣ ልጆቹን ንገሪልኝ» አለኝ። ልጆቹ እኮ የፋሲካ ዕረፍት ላይ ናቸው ስለው ግራ ተጋባ፣ እኔም በርሜሉ ያንጠባጥብ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የማድረቂያውን ክፍል ከፍቼ የኮባውን ቅጠል ስገልጥ ቅጠሉ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ጋኑ ግን ርጥብ ነው፣ አሁን ውሃ በነካ እጅ እንደዳሰሱት ያለ ርጥብ። ሚያዝያ ነው፣ ዝናብ አለ፣ አየሩ እርጥበት ይዟል አልኩ። አጠገቡ ካሉት ሲኒዎች አንዱን አነሳሁ፣ እንደ ጠመኔ ደርቋል።

በስምንተኛው ቀን አስቴር መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ከስታለች፣ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳትሰጠኝ ቀጥታ ወደ ጋኑ ሄዳ ቆመች።

«ቲቸር፣ ይስጡኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጋኑን። ሳያልቅ ባለቤቱ የሞተ ሸክላ በውሃ ነው የሚፈርሰው። ጭቃውን ወደ ወጣበት ጉድጓድ እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ የአማቴ እጅ ወደኔ ይመጣል፣ እሷም ከአማቷ እንደዚህ ነው የተቀበለችው። እስካሁን ያስተማረችኝ ሥራውን ነው፣ እጇን ገና አልሰጠችኝም።»

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፣ ማስረዳት ያዝኩ። ይህ ጋን ለሳቸው መታሰቢያ ነው፣ የእንግዶቹ ዓይን የሚያርፍበት እሱ ነው፣ የምትቀጠሪው በሱ ነው፣ አጥተሽው ምን ታሳያለሽ አልኳት። ሰማችኝና «ያለ እጅ ብቀጠር ምን አደርጋለሁ?» አለችኝ። ተቆጣሁ፣ «እንዲህ እያላችሁ እኮ ነው ሰው የሚንቃችሁ» አልኳት። ይህን ቃል ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ፣ እኔው ነኝ ለእሷ የተናገርኩት፣ የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ። እሷ ግን አልተቀየመችም፣ ጋኑ ከባድ ነው፣ ባለቤቴን ይዤ ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ እስከዚያ አይንኩት አለች። እሺ አልኳት፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ አላላትም።

ያን ዕለት ከሰዓት ከቢሮ ተጠራሁ፣ እንግዶቹ ቀኑን አስቀድመውታል፣ ሰኞ ይመጣሉ። ምን ላድርግ ነው የምትሉኝ? ሰኞ ባዶ እጄን ከቀረብኩ ቅጥሩ ቀረ፣ ልጅቷም ወደ ጉሟ ተመለሰች፣ ኩባያውም ሁለቴ እየታጠበ ይኖራል። ለሷ ብዬ ነው አልኩ፣ አሁንም ግማሹን አምነዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት በሩን ዘጋሁና ጋኑ ፊት ተንበርክኬ ግራ እጄን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

ውስጡ ይሞቅ ነበር። ጭቃ ቀዝቃዛ ነገር ነው፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት እንኳ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ይሄ ግን ሰው ተቀምጦበት እንደተነሳ ወንበር ለብ ያለ ነው። ጣቶቼ የሳቸውን ጣት ዱካ አገኙና ገቡበት፣ ከዚያ በኋላ አንገቱን እኔ ነኝ ያወጣሁት ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም፣ ጭቃው ራሱ እየተከተለኝ ወጣ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አንገት አውጥቼ አላውቅም። ስሠራ ከጀርባዬ ክርክር፣ ክርክር የሚል ድምፅ ነበር፣ በማለስለሻ ጠጠር የደረቀ ሸክላ ሲታሽ የሚሰማው። አይጥ ነው ብዬ አልዞርኩም። ስጨርስ የግራ እጄ ጠቋሚ ጣት ጫፉ ደንዝዞ ነበር፣ በመርፌ ብትወጉኝ አላውቅም።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጢስ ላይ አሞቅኩት። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ኩበቱን ደርድሬ፣ በቀርከሃ ከልዬ፣ በሣር ሸፍኜ እሳቱን ለኮስኩት። እንዲህ ያለ ያልደረቀ ጋን እሳት ውስጥ ቢገባ በሩብ ሰዓት ፈንድቶ ስባሪው አጥር ይሻገራል፣ ይህን ማንም ሸክላ ሠሪ ይነግራችኋል። ጋሽ ቶማስን ራቅ በል ብዬው እኔም ግንብ ሥር ሆኜ ጠበቅኩ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ አልፈነዳም። ከአስር ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ እሳቱ ፍም ሆኖ ከሩቅ ፊት የሚለበልብ በነበረበት ሰዓት በሩ ተንኳኳ፣ ጋሽ ቶማስ ከፈተ፣ አስቴር ናት፣ ባለቤቷን ከአህያዋ ጋር በር ላይ አቁማ ገባች። እሳቱን አየች። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ቆመች።

ያኔ ነው የተንኳኳው። ከፍሙ መሀል፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሸክላ ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፣ አውቃለሁ፣ ለሃያ ተማሪ አስረድቻለሁ፣ ግን ያ ጋን ሊቀዘቅዝ ገና አምስት ሰዓት ይቀረው ነበር፣ መንጣጣትም እንደዚያ በልክ ተለክቶ አይመጣም። ጋሽ ቶማስ «በኢየሱስ ስም» እያለ ወደ ኋላ ሄደ፣ ስለዚህ ጆሮዬ ነው አትበሉኝ፣ እሱም ሰምቷል። ማንኳኳቱ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚከተል ሦስታችንም እናውቃለን፣ እማማ ደስቴ ጆሮ የሚያስጠጉባትን ያህል ጊዜ አለፈች፣ ከዚያ አንድ ሰው «እሺ» አለ።

ያልኩት እኔ ነኝ፣ እመኑኝ፣ ከእኔ አፍ ነው የወጣው፣ ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አስቴር ከእሳቱ ዓይኗን አንስታ አየችኝ፣ ፊቴን አልነበረም፣ ግራ እጄን ነበር ያየችው። ወደ በሩ ዞራ ወጣች፣ አህያዋ ባዶዋን ተመለሰች።

ሰኞ ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ሆነ። እንግዶቹ ጋኑን ከበው ፎቶ ተነሱ፣ የአስቴር የቅጥር ደብዳቤ በወሩ ወጣ፣ መጥታም ሥራ ጀመረች፣ የሠራችው ግን አንድም አልበጀም። የመጀመሪያው ማሰሮ ሲደርቅ ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው እሳት ውስጥ ለሁለት ተከፈለ፣ ጭቃውን ቀየርን፣ አሸዋ ጨመርን፣ አብሬያት ተቀምጬ ደረጃ በደረጃ አየሁ፣ ስሕተት የለባትም፣ ግን ይሰነጠቃል። ኩባያ አጣቢዎቹ መሳቅ ጀመሩ። በሦስተኛው ወር መልቀቂያ አስገባች፣ ላስቀራት ብለምንም «ቲቸር፣ አይልፉ» ብላኝ ሄደች።

እኔ ደግሞ፣ እዚህ ጋ ነው ለሸክላ ሠሪ የሚከብደው፣ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አንድም ዕቃ ተሰንጥቆብኝ አያውቅም። ስምንት ዓመት፣ አንድም። ጋን እሠራለሁ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ያዝዙኛል፣ ጥሩ እጅ አላት ይሉኛል። የተሟላ አስር ጣት አለኝ፣ ቁጠሩት፣ ግን የሠራሁትን ዕቃ ውስጡን በባትሪ ባየሁት ቁጥር ሦስት ረጃጅም ዱካ አለ፣ አንድ የአውራ ጣት፣ አንድ ድፍን ያለ አጭር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፣ እኔ ግን አልጠላኋቸውም ነበር።

አምና አስቴርን ፍለጋ ጫኖ ወረድኩ፣ ሙዝ እርሻ ውስጥ በቀን ሥራ ሙዝ ትሸከማለች። ጥላ ሥር ተቀመጥን፣ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ጋኑ እስካሁን ቤቴ ነው፣ እሰብረዋለሁ፣ ስባሪውን ጉድጓዱ ድረስ ተሸክሜ እወስደዋለሁ አልኳት።

«ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?» አለችኝ። «ስባሪ ጭቃ አይሆንም። ጉድጓዱ አይቀበለውም። ቢሰብሩትስ እሷ የት ትሂድ?»

ከዚያ ወዲያ አልሰበርኩትም፣ በቤቴ ጥግ ቆሟል፣ ምንም አላስቀምጥበትም። ቤት የሚመጣ እንግዳ ሲያንኳኳው ብቻ፣ ያ «እሺ» ከአፌ እንዳይወጣ ከክፍሉ እወጣለሁ።

አሁን ወደዚህ ሳምንት ልምጣ። አዲስ ሠልጣኞች ገብተዋል፣ ሰኞ ዕለት የመጀመሪያ ሲኒያቸውን ሠሩ፣ እንደ ልማዴ በየተራ ግራ እጃቸውን ይዤ ግፊቱን አሳየኋቸው፣ ሸክላ በቃል አይማሩትም፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ማታ ሲኒዎቹን መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጥ አንዱን ወደ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት። የአንዲት ከምዕራብ ዓባያ የመጣች ልጅ ነው፣ ከዚያ ቀን በፊት ጭቃ ነክታ አታውቅም፣ እማማ ደስቴ ሲሞቱ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ሦስት ረጃጅም ዱካ አለበት፣ አንድ የአውራ ጣት፣ አንድ ድፍን ያለ አጭር።

አስቴር የለመነችኝን በዚች ልጅ እንኳ ልፈጽመው ብዬ በማግስቱ የደረቀውን ሲኒ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፣ እሳት አልነካውም፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃው ነበር። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አሁን ከመጻፌ በፊት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ውሃው እንደጠራ ነው፣ ሲኒውም እንዳለ ቁጭ ብሏል። ነገ ጠዋት ልጅቷ መጥታ ሲኒዬ የት አለ ብላ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያም እንደ ሰኞው ግፊቱን እንዳሳያት ግራ እጇን ወደኔ ትዘረጋለች።